ቆቡን ቀዶ የሰፋው መነኩሴ

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ልጽፍ ነው። ቡና አቅርባችሁ ብታነቡት ይሻላል፤ አቦል ላይ ጀምራችሁ በረካ ላይ ትጨርሱታላችሁ።

ነገሩ የተነሣው ከአንዲት የድሮ ተማሪዬ መልእክት ነው። ስሟን አልጠራም፤ ይህን እንድጽፍ ግን ፈቅዳልኛለች። ባቲ ላይ ዘጠነኛ ክፍል ታሪክ አስተምሬያታለሁ። አሁን ዐረብ አገር ሰው ቤት ትሠራለች። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንዲህ ብላ ጻፈችልኝ፦ «ቲቸር፣ እንቅልፍ እምቢ ካለኝ ወር አለፈኝ። ዝም ብሎ ልቤ ይጨልምብኛል። እርስዎም ከ2014ቱ በኋላ ታመው እንደነበር ሰምቻለሁ። በምን ወጡት?»

«ግማሹን በሐኪም፣ ግማሹን በሽቦና በካርቶን» ብዬ መለስኩላት። ቀልድ መስሏት ሳቀች። ትንሽ ቆይታ ግን እንዲህ አለችኝ፦ «ቲቸር፣ እኔኮ እጄ ሥራ ፈትቶ አያውቅም። ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት አጥባለሁ፣ እጠርጋለሁ፣ አበስላለሁ። እጅ ማንቀሳቀስ የሚያድን ቢሆን እኔ ቀድሜ በዳንኩ ነበር።»

ለዚህ መልስ አልነበረኝም። ሦስት ሳምንት አሰብኩበት። የታሪክ መምህር ሲጨንቀው የሚሮጠው ወደ ኋላ ነውና እኔም ወደ ኋላ ሮጥኩ።

መጀመሪያ የራሴን ላስቀድም። ጡረታ የወጣሁት በ2012 ዓ.ም. ነው። ሠላሳ ምናምን ዓመት ጠመኔ የያዘ እጅ ድንገት ባዶውን ሲቀር ምን እንደሚሆን ማንም አልነገረኝም። ያም ሆኖ መጻሕፍት ነበሩኝ። ጥቅምት 2014 መጨረሻ ላይ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ እኛም ከባቲ ወጣን፤ እኔ፣ ባለቤቴና አንድ የልጅ ልጃችን፣ በእግር፣ ወደ ቆላው። ስንመለስ ቤቱ እንደቆመ ነው፤ ውስጡ ግን ቤት አልነበረም። ከመጻሕፍቴ ግማሹ ማገዶ ሆኗል። ዕድሜዬን ሙሉ የጻፍኳቸው የማስተማሪያ ደብተሮች የሉም። ማን አደረገው የሚለውን እዚህ አላነሣም። ከእኔ እጅግ የባሰ የደረሰበት ሰው በየቤቱ አለ፤ ይሄም ራሱ ሌላ ሸክም ነበር፤ ሰው ልጁን ባጣበት አገር ለደብተር ማልቀስ ያሳፍራል።

ከዚያ በኋላ ያለውን ዓመት በደንብ አላስታውሰውም። መተኛት አልችል፣ መነሣት አልችል። ሰው ሲመጣ «አብሽር» ይለኛል፤ እኔም «አልሐምዱሊላህ» እላለሁ፤ ሲወጣ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞራለሁ። ድባቴ የሚለውን ቃል ስለ ራሴ ሲነገር የሰማሁት ከጤና ባለሙያ አፍ ነው። መድኃኒት ታዘዘልኝ፣ ወሰድኩ፣ ረዳኝም። ይህን ደብቄ ስለ ሽቦ ብቻ ባወራ ዋሾ እሆናለሁ። ዱዓውም፣ ጎረቤቱም፣ ኪኒኑም ነበረበት። ግን ኪኒኑ ከአልጋ አስነሣኝ እንጂ ተነሥቼ ምን እንደምሠራ አልነገረኝም።

አንድ ቀን የልጅ ልጄ ካርቶን ይዞ መጣና «አባባ፣ ሲኖ ሥራልኝ» አለኝ። ሲኖትራክ ማለቱ ነው። እኔ ሲኖ መሥራት አላውቅም። ፊያት ግን አውቃለሁ።

እኛ ልጅ ሆነን ባቲ ማለት የአሰብ መንገድ ነበረች። ከኮምቦልቻ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርዶ፣ ባቲን አቋርጦ፣ ወደ ሚሌ ከዚያም ወደ ባሕሩ። ፊያቶቹ ተጎታች ይዘው ዳገቱን ሲወጡ ሌሊት ሌሊት ድምፃቸው ይሰማን ነበር፤ ከድምፁ ጭነት ያለውንና ባዶውን እንለይ ነበር። በ1960 ዓ.ም. አካባቢ የአሰብ ነዳጅ ማጣሪያ ሥራ ሲጀምር ደግሞ ቦቴዎች ተጨመሩ። ያየነውን እንሠራለን። አካሉ ሽቦ፣ ጎማው ከአሮጌ ነጠላ ጫማ የተቆረጠ ሶል፣ መብራቱ ቆርኪ፣ ቦቴው የዘይት ጣሳ፤ መሪው ደግሞ ቆመን የምንነዳበት ረጅም ሽቦ። ከ1990 በኋላ አሰብ ሲዘጋና ጭነቱ ሁሉ ወደ ጅቡቲ ሲዞር የልጆቹም መኪና ተለወጠ። ፊያት ጠፋ፣ ሲኖ መጣ። የአገራችንን የንግድ ታሪክ የሚጽፍ ሰው የልጆች መጫወቻ ቢሰበስብ ብዙ ያገኛል እላለሁ፤ ግን ማን ይሰማኛል።

ፒንሳ ከጎረቤት ተዋስኩ። የመጀመሪያው መኪና ተንጋዶ ነው የወጣው፤ የፊት ጎማው ወደ ግራ ይሄዳል፣ የኋላው ወደ ቀኝ። ግን ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለ ደብተሮቼ አላሰብኩም። አለማሰቤንም ያወቅኩት ባለቤቴ ስትጣራ ነው። መጥታ በሩ ላይ ቆማ አየችኝ። ሽማግሌ ሰውዬ ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ ሽቦ ያጣምማል። «ሥራ የፈታ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል!» አለችና ሳቀች። (እኛ ሙስሊሞቹም ስለ መነኩሴ እንተርታለን፤ ወሎ ነዋ።) ከስንት ወር በኋላ አብሬያት ሳቅኩ።

ይህን ተረት ዕድሜ ልኬን ስሰማው መነኩሴው ሞኝ ይመስለኝ ነበር። የዚያን ዕለት ማታ ግን አሰብኩት። ቆቡ ደኅና ነበር፤ መሰፋት አላስፈለገውም። የሚሰፋ ነገር ያስፈለገው ሰውዬው ነው። በበኣቱ ብቻውን ተቀምጦ ልቡ እንደ ላም ያንኑ ነገር መልሶ መላልሶ ሲያመነዥክበት፣ መርፌና ክር ያዘ። እኔ አሁን ከመነኩሴው ጋር ነኝ።

ወደ ታሪኩ እንሂድ። ሩቅ አንሄድም፤ እዚሁ ወሎ፣ መቅደላ አምባ ላይ እንውጣ።

በሐምሌ 1858 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ የእንግሊዝን መልእክተኛ ሆርሙዝ ራሳምን፣ ሐኪሙን ሄንሪ ብላንክንና መቶ አለቃ ፕሪዶን፣ ቀድመው ከታሰሩት ከቆንስል ካሜሮንና ከሚሲዮናውያኑ ጋር መቅደላ ላይ አሰሯቸው። የእግር ብረት ገባላቸው። እስከ ሚያዝያ 1860 ድረስ፣ ሁለት ዓመት ጥቂት ፈሪ፣ እዚያው ናቸው። በየቀኑ የንጉሡ ቁጣ ወዴት እንደሚዞር አያውቁም፤ ዛሬ ሰላምታና ስጦታ ይመጣል፣ ነገ ምን እንደሚመጣ አላህ ያውቃል። ብላንክ ከተፈታ በኋላ ስለ እስሩ መጽሐፍ ጽፏል። እኔን ያስገረመኝ የሰንሰለቱ ነገር ሳይሆን የአትክልቱ ነገር ነው። እነዚህ ሰዎች ብረት በእግራቸው እያለ ጎጇቸውን አስተካከሉ፣ ዘር በመልእክተኛ አስመጡ፣ መደብ ቆፍረው አትክልት ተከሉ። አስቡት እስቲ። ነገ ይኑር አይኑር የማያውቅ ሰው፣ ከወራት በኋላ የሚደርስ ነገር ይዘራል! ተማሪዎቼ ፊት ይህን ሳስተምር ዘልዬው ነበር የማልፈው፤ ጦርነቱ ጋ ለመድረስ እቸኩላለሁ። ፈተና ላይ የሚመጣው እሱ ነዋ።

ንጉሡም በበኩላቸው ይሠሩ ነበር። በጥቅምት 1860 ከደብረ ታቦር ተነሥተው እስከ መጋቢት ድረስ፣ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን እያስጎተቱ፣ ገደል እያስቆረጡ ወደ መቅደላ መንገድ አወጡ። በገዛ እጃቸው ድንጋይ ያነሡ፣ ይቆፍሩ እንደነበር በጊዜው የነበሩ አውሮፓውያን ጽፈዋል። ቴዎድሮስ ሐዘን የጎዳቸው ሰው ናቸው። እቴጌ ተዋበች በ1850 ዓ.ም. ሞቱባቸው፤ ብዙ ሳይቆይ የሚወዷቸው ፕላውደንና ቤል ተገደሉ። የሞተ ንጉሥ በሽታ መመርመር የእኔ ሥራ አይደለም። መንገዱ ግን ያ ሁሉ ጉልበት ፈስሶበት ልባቸውን አላቀለለውም፤ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 እዚያው አምባ ላይ በገዛ ሽጉጣቸው አለፉ።

እዚህ ላይ ነው የልጄ ጥያቄ የገባኝ። አንድ አምባ ላይ፣ በአንድ ዘመን፣ ሁለት ዓይነት ግንባታ አለ። የእስረኞቹ መደብ ትንሽ ናት፤ ማንም አላዘዛቸውም፤ ባትበቅልም ማንም አይቀጣቸውም፤ ስትበቅል ደግሞ በዓይናቸው ያዩዋታል፣ የእነሱ ናት። የንጉሡ መንገድ ላይ ግን ሰባት ቶን ብረትና የአንድ መንግሥት ዕጣ ተጭኗል። ጎታቹን ወታደርማ ማን ፈቃዱን ጠየቀው? እጁ ከማንም በላይ ሠርቷል። ዳነ ያለው ግን የለም።

ፈረንጆቹ ይህን ነገር ሙያ አድርገውታል። ጆርጅ ባርተን የሚባል አሜሪካዊ የሕንፃ ነዳፊ ነበር። ሳንባ ነቀርሳ ያዘው፤ እግሩን ብርድ በልቶት ተቆረጠ፤ ከዚያ ደግሞ ግራ ጎኑ አልታዘዝ አለው። ሕንፃ የሚሠራ ሰው አልጋ ላይ ቀረ። ተስፋ በቆረጠበት ሰዓት ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ ክሊፍተን ስፕሪንግስ የምትባል ትንሽ ከተማ ላይ ቤት ገዝቶ የእንጨት ሥራ መሣሪያ አስገባ፣ ጓሮውን አለማ፤ ቤቱንም የመጽናኛ ቤት አለው። በመዶሻና በመጋዝ ራሱን አሠለጠነ፣ ጎኑም እየታዘዘ መጣ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1917 እዚያው ቤት ውስጥ ስድስት ሰዎች ተሰብስበው ማኅበር አቋቋሙ። ዛሬ ሆስፒታል ውስጥ ሕመምተኛን በሥራና በእጅ ጥበብ የሚረዳው ሙያ፣ በአሜሪካ የተደራጀው ከዚያ ቤት ተነሥቶ ነው። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ደግሞ አእምሯቸው ተረብሾ ለተመለሱ ወታደሮች ቅርጫት መጎንጎን፣ እንጨት መሥራት፣ ሽመና ይሰጣቸው ነበር።

በኋላ ተመራማሪዎቹ ምክንያቱን ፈለጉ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ፒተር ሉዊንሶን የተባለ የሥነ ልቦና ሊቅ እንዲህ አለ፦ ድባቴ ሰውን ከሥራው፣ ከጨዋታው፣ ከሰዉ ይነጥለዋል፤ ሲነጠል ደስ የሚያሰኘው ነገር ያጣል፤ ሲያጣ ድባቴው ይብስበታል። ክብ ነው። ስለዚህ ስሜቱ እስኪመጣ አትጠብቅ፤ ትንሿን ነገር ጀምር፣ ስሜቱ ከኋላ ይከተላል። እ.ኤ.አ. በ1996 ደግሞ ኒል ጃኮብሰንና ባልደረቦቹ ፈተሹት፤ ይህ እንቅስቃሴን መመለስ ብቻውን ከሙሉው የአስተሳሰብ ሕክምና ያላነሰ ውጤት አሳየ። የሽቦው መኪናም ያደረገልኝ ይህንኑ ነው። ፊያት ልሥራ የሚል ስሜት አልነበረኝም፤ ልጁን ማሳዘን ስላልፈለግኩ ነው የጀመርኩት። ስሜቱ ጎማው ጋ ስደርስ መጣ።

የልጅ ነገር ካነሣን፣ ሌጎ የሚባለውን የሚገጣጠም መጫወቻ ታውቁታላችሁ፤ ዐረብ አገር ያላችሁት በየቤቱ ታነሡታላችሁ፣ ስትረግጡትም ታውቁታላችሁ። መነሻው የዴንማርክ ገጠር አናጺ ነው፤ ኦሌ ኪርክ ክሪስቲያንሰን። እ.ኤ.አ. በ1932 የዓለም ኢኮኖሚ ወድቆ ቤት የሚያሠራው ሲያጣ፣ በዚያው ዓመት ሚስቱ አራት ወንዶች ልጆች ትታበት ሞተች። ከእንጨት መጫወቻ መሥራት የጀመረው ያኔ ነው። ጡቧ እንኳን የመጣችው በኋላ ነው፤ ልጁ በ1958 አስመዘገባት። ሰውዬው ሐዘኑን ለማስረሳት ሳይሆን እንጀራ ፍለጋ ነው የሠራው፤ ስለዚህ ብዙ አልተረጉመውም።

እኛ አገር ይህ ሁሉ በሕክምና ስም ብዙ አልተነገረም። አማኑኤል ሆስፒታል በጣሊያን ዘመን ተከፍቶ ለአሥርት ዓመታት ለአገሩ ሁሉ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ኖረ፤ ከባቲ አማኑኤል መሄድ ማለት በሰው ዓይን አለቀለት ማለት ነበር። ሰዉ ግን የራሱን ዘዴ ያውቃል። እናቴ ሲከፋት ስፌቷን ታነሣ ነበር። ስንደዶውን ውኃ ነክራ፣ ወስፌዋን ይዛ በር ላይ ስትቀመጥ እኛ አንጠጋትም። ብዙ ስትከፋ ቀዩን አለላ ታበዛለች። ቤታችን ውስጥ አንድ በጣም የሚያምር ሌማት ነበረ፤ አባቴ ያን ሌማት ሲያይ ዓይኑን ይሰብራል። ምክንያቱን ማናችንም አልጠየቅንም።

የደርግ እስረኞችም ያውቁታል። ነቢይ መኮንን ማዕከላዊ ታስሮ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ልብ ወለድ ተርጉሞ፣ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ ታተመ። ይህ የእጅ ግንባታ አይደለም ትሉ ይሆናል። ብጣሽ ወረቀት ላይ ብጣሽ እየደረቡ ያን የሚያህል መጽሐፍ ማቆም ለእኔ ግንብ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልናገር፤ ብዙ ጊዜ አላወራውም። በ1977 ዓ.ም. እኔ ሃያ አምስት ዓመቴ፣ ጀማሪ መምህር ነበርኩ። የባቲን መጠለያ ያያችሁ ታውቃላችሁ፤ ላላያችሁት መግለጽ አልችልበትም። አንድ ጠዋት ውኃ ከሚቀዳበት ቦታ ከፈሰሰው ጭቃ አንድ ልጅ፣ ስድስት ዓመት ቢሆነው ነው፣ በሬ ይሠራል። ሁለት በሬ፤ ቀንበሩ ስንጥር። አባቱ አጠገቡ ጋቢ ተከናንቦ ተቀምጧል። ጋቢው ራሱ ጨርቅ ሆኗል። ቆሜ አየሁ። አባትየው እጁን ከጋቢው አወጣና የአንዱን በሬ ቀንድ ወደ ታች አጠፍ አደረገው። «የኛው እንዲህ ነበር» አለ። ልጁ የሌላውንም ቀንድ አጠፈው። ይህን ለማስረጃ አላመጣሁትም። ራብ በጭቃ አይድንም፤ ያን ቀን የሚያስፈልገው እህል ነበር። ግን አርባ ዓመት አለፈው፣ የዚያ በሬ ቀንድ ከዓይኔ አልጠፋም።

ወደ ሽቦዬ ልመለስ። ከፊያቱ በኋላ ልጁ ሲኖውን አስተማረኝ። ከዚያ «መኪናው የት ይሄዳል?» አለ። መንገድ ሠራን። መንገዱ ደግሞ የሚሄድበት ያስፈልገዋልና የሰኞን ገበያ ጀመርን። ይኸው ሁለተኛ ዓመታችን ነው። የአንድ በር ስፋት ያለው ኮምፔርሳቶ ላይ ባቲ ቆማለች። ከደጋው የወረደው እህሉን፣ ከቆላው የወጣው አፋር ግመሉንና ፍየሉን ይዞ የሚገናኝበት፣ ሦስት ቋንቋ በአንድ ዋጋ የሚከራከርበት ያ ገበያ። ሰዎቹ ሸክላ ናቸው። ዳቦይታውን መሥራት አቅቶኝ ነበር፤ ቅስቱ ይሰበርብኛል። አንዲት ለገበያ የመጣች አፋር እናት አይታ ሳቀችብኝ። እነሱ ዘንድ ቤት የምትሠራው ሴት ናት፤ ወንድ ሲሞክር ያስቃል። ጭራሮውን በውኃ አርሳ እንዴት እንደሚጎብጥ አሳየችኝ፤ ዋጋውንም በስኳር ተቀበለች።

ከዚያ መስቀያው ጋ ደረስኩ። የባቲን ገበያ የምታውቁ የድሮውን መስቀያ ታውቁታላችሁ። ልጁ «ይሄ ምንድን ነው አባባ?» አለኝ። ለሁለት ሳምንት እጄን አነሣሁ። ልተወው? ሠላሳ ዓመት «ታሪክን እየመረጣችሁ አታንብቡ» ስል የኖርኩ ሰው! በመጨረሻ ሠራሁት፤ ሦስት እንጨት ነው፣ አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ለልጁም እንደ ዕድሜው ነገርኩት። ያን ሌሊት ደኅና ተኛሁ። የ2014ቱን ያወራሁትም ከዚያ በኋላ ነው፤ ለባለቤቴ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። እሷም የራሷን ነገረችኝ። ሁለታችንም አንዳችን ለአንዳችን ስንደብቅ ኖረናል።

ለልጄ በመጨረሻ እንዲህ ብዬ ጻፍኩላት፦ «ልጄ፣ ልክ ነሽ። የምታጥቢው ሳሕን የአንቺ አይደለም፤ ነገም ይቆሽሻል፤ ደከመኝ ብለሽ ማቆምም አትችዪም። እሱ የጎታቹ ወታደር ሥራ ነው። እኔ የምልሽ የእስረኞቹን መደብ ነው። በቀን ሩብ ሰዓት ካገኘሽ፣ ማንም ያላዘዘሽን ትንሽ ነገር ሥሪ፤ ቢበላሽ ማንም የማይቆጣሽን። ግን አስቀድመሽ ሐኪም ፈልጊ። ወር ሙሉ እንቅልፍ ማጣት በካርቶን የሚታለፍ አይደለም፤ መሞት ካማረሽ ደግሞ ሌሊትም ቢሆን ደውዪልኝ።» እውነቱን ልንገራችሁ፣ የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር ስጽፍ እጄ ተንቀጥቅጧል። እሷም ያን ሌሊት ደወለች። ብዙ አወራን። በሳምንቱ አንዲት የአገሯ ልጅ በእረፍት ቀኗ ክሊኒክ ወሰደቻት፤ አሁንም ትከታተላለች።

ባለፈው ጁምዓ ፎቶ ላከችልኝ። ከጫማ ካርቶንና ከዳቦ ላስቲክ ማሰሪያ ሽቦ የተሠራ ቤት። የእናቷ ቤት ነው፤ አወቅኩት፤ እቁብ እንጠጣ ነበር እዚያ። የመምህር አመል አይለቅምና «በሩ በስተጀርባ ነው፣ ተሳስተሻል» አልኳት። «አይ ቲቸር፣ እኔ ወደ ገበያው እንዲያይ ፈልጌ ነው» አለችኝ።

የእኔ ግመሎች አሁንም አይቆሙም። ሸክላው ሲደርቅ ቀጭኑ እግር ይሰነጠቃል፤ ውስጡ ሽቦ ባስገባም ይለቃል። ከእናንተ መካከል የሸክላ ሙያ ያለው ካለ፣ ወይም ድሮ የጭቃ ከብት ስትሠሩ ጭድ ትቀላቅሉበት እንደነበር የሚያስታውስ ካለ ይጻፍልኝ። የድሮ የሽቦ ፊያት ፎቶ ያለውም ይላክልኝ፤ የተጎታቹ ማያያዣ እንዴት እንደነበር ከልጄ ልጅ ጋር ክርክር ይዘናል።